አረም አሳዳጊዋ

በእኛ ቤት ከደሞዝና ከቤት ዕዳ በላይ የሚነሳ ቃል ቢኖር ፎስፌት ነው። እራት ላይ ይነሳል፤ ልጃችን ከዩኒቨርሲቲዋ ስትደውል ከሰላምታ ቀጥላ «ስንት ሆነ?» ብላ የምትጠይቀው እሱኑ ነው። የፍሪጃችን በር ላይ ጎን ለጎን የተለጠፉ ሁለት ወረቀቶች አሉ። አንደኛው የባለቤቴ የወር የደም ምርመራ ውጤት ሲሆን ሁለተኛው የሳሎናችን ባሕር ውጤት ነው።

«የሳሎናችን ባሕር» የምለው አኳሪየሙን ነው። ውድ አንባቢያን፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴልና በክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል የምታዩት፣ ወርቃማ ዓሣ የሚንሸራሸርበት ዓይነት አይደለም። ያ ጨው የሌለው ውሃ ነው። የእኛው በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ለዚሁ የተዘጋጀ ጨው የሚሟሟበት፣ 284 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ሳጥን ነው። ውስጡ ሁለት ብርቱካንማ ክላውንፊሾች፣ አንድ ቢጫ ታንግ የሚባል ዓሣና ኮራሎች ይኖሩበታል። ኮራል ድንጋይ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኮራል ግን እንስሳ ነው፤ አፍ አለው፣ ይበላል፣ ሲመቸው ይዘረጋል፣ ሲከፋው ይሰበሰባል። ዜኒያ የሚባለው ለስላሳ ዓይነት ደግሞ እንደ ሕፃን መዳፍ ሲከፈትና ሲጨበጥ ይውላል።

ባለቤቴ የደሴ ልጅ ነው። ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በሃያ ዓመቱ፣ ባሕር ኃይል ገብቶ ምፅዋ በተመደበ ጊዜ ነው። ስለ ጦርነቱ ጠይቄው ብዙ ነግሮኝ አያውቅም። ስለ ውሃው ግን አያልቅበትም፤ ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ከመርከቧ ጎን ዘንበል ብሎ ሲመለከት ታች ያለው ኮራል እንዴት ወለል ብሎ ይታየው እንደነበር፣ የትኛው ዓሣ በየትኛው ሰዓት ይወጣ እንደነበር ሲነግረኝ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነን። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። «እናንተ ባሕር የምትሉት ኩሬ ነው፤ ጨው እንኳ የለውም» እያለ ያበሽቀኛል። እዚህ አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባን በኋላ፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው ያገለገለ አኳሪየም በግማሽ ዋጋ ገዝቶ ከጓደኛው ጋር ተሸክመው ያመጡት። እኔ ያን ዕለት የተናገርኩትን እዚህ መድገም አያስፈልግም። አገር ቤት የምንረዳው ሰው ሞልቶ ለዓሣ ጨው መግዛት ቅንጦት ነው ብዬ ነበር፤ ዛሬም ቅንጦት ነው እላለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ኩላሊቶቹ ሥራ አቆሙ። ደም ግፊቱ ለዓመታት ድምፅ ሳያሰማ ሲሠራ ከርሞ ነው። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት አራት ሰዓት የኩላሊት እጥበት ያደርጋል። ግራ ክንዱ ላይ ሐኪሞቹ ደም ቅዳውንና ደም መልሱን አገናኝተው መርፌው የሚገባበት ቦታ አዘጋጅተውለታል። በዚያ ክንድ ከባድ ነገር ማንሳት ክልክል ነው። ነርሷ ቤታችን አኳሪየም እንዳለ ስትሰማ ሌላ ክልከላ ጨመረች፤ በዓሣ ውሃ ውስጥ ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባል ባክቴሪያ ሊኖር እንደሚችል፣ ቆዳ በተበሳበት ወይም በቆሰለበት በኩል እንደሚገባ፣ ስለዚህ ያ ክንድ ውሃው ውስጥ ፈጽሞ እንዳይገባ አስጠነቀቀችን። ሌላውም እጅ ቢሆን ያለ ረጅም ጓንት አይገባም።

ባልዲው ወደ እኔ ዞረ።

ጨዋማ አኳሪየም ያለው ሰው ውሃ ይለውጣል። በየሁለት ሳምንቱ 60 ሊትር ያህል አውጥቶ በምትኩ በአዲስ የጨው ውሃ መሙላት ነው። ሦስት ባልዲ ይወጣል፣ ሦስት ባልዲ ይገባል። እያንዳንዱ ሃያ ኪሎ ነው፤ ስድስቱ ሲደመሩ 120 ኪሎ። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ ሳነሳ እውላለሁ። ማታ ደግሞ ባልዲ። ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ፊቱ ላይ የሚያልፈውን ነገር ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር የምሠራው። ቀልዱን ግን አልተወም። «እኔ በቀን የተፈቀደልኝ አንድ ሊትር ነው፣ ማሽኑ በአንድ ቁጭታ 120 ሊትር ይጠጣብኛል፣ አንቺ 120 ኪሎ ትሸከሚያለሽ። ይሄ ቤት ውሃ ሊበላው ነው» ይለኛል። የማሽኑ ነገር እውነት ነው፤ ደሙን የሚያጥበው ፈሳሽ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ያህል ስለሚፈስ አራት ሰዓት ላይ እዚያ ይደርሳል።

ሁለት ሳምንቱ ሦስት ሆነ፣ ሦስቱ አምስት። የውሃው ናይትሬት በሊትር 80 ሚሊግራም ደረሰ። በጤነኛ የኮራል ባሕር ውስጥ ከ1 ሚሊግራም በታች ነው። ድንጋዮቹ ቡናማ ለበሱ፣ ቀጥሎ ፀጉር የመሰለ አረንጓዴ በቀለባቸው። እናቴ በጣና ዳር «የውሃ ሽበት» የምትለው ዓይነት ነገር ነው፤ እዚህ አልጌ ይሉታል። መስታወቱን ሰኞ ብፍቅ ሐሙስ ያው ነው። ዜኒያው መከፈትና መጨበጡን ተወ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልግለጽ፤ እኔ ራሴ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነውና። አኳሪየም ውስጥ ማጣሪያ አለ። ማጣሪያ ሲባል ቆሻሻውን የሚያስወግድ ይመስላል። ዓሣው በልቶ የሚያወጣው አሞኒያ መርዝ ነው፤ በድንጋዩና በማጣሪያው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት እንደ ሁለቱ አይገድልም። ግን የትም አይሄድም። ስሙን ለወጠ እንጂ ከቤት አልወጣም! ፎስፌቱ ደግሞ ስሙን እንኳ አይለውጥም፤ በየቀኑ በምንሰጣቸው ምግብ ውስጥ ገብቶ ይጠራቀማል፣ ሲበዛም ኮራሉ አጽሙን እንዳይገነባ ያውከዋል። ሰው በባልዲ ካላወጣው ወይም ሌላ የሚያወጣው ካልተገኘ በስተቀር በመስታወቱ ውስጥ የገባ ሁሉ በመስታወቱ ውስጥ ይቀራል።

ይህን ሲያስረዳኝ የባለቤቴ ሁኔታ በዓይኔ ላይ መጣብኝ። የእሱም ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ፎስፈረስ ከምግብ የሚመጣ ነው። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወጣል፤ የእሱ አያስወጣም፤ እጥበቱም ፎስፈረስን አሟጦ አያወጣውም። ሲጠራቀም ቆዳን ያሳክካል፣ አጥንትና የደም ሥርን ይጎዳል። ለዚህ ነው በየምግቡ መካከል ብረት ያለበት ትልቅ እንክብል የሚያኝከው፤ ፎስፈረሱን አንጀት ውስጥ ይዞ እንዲወጣ። የሚገርመው፣ ለአኳሪየም የሚሸጥ ዝገት የመሰለ የብረት ፍርፋሪም አለ፤ ሥራው ያው ፎስፌት መያዝ ነው። ገዝተን ሞክረነዋል። ይሠራል። ግን በጠገበ ቁጥር መለወጥ አለበት፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም፣ ናይትሬቱን ደግሞ አይነካውም።

እንሽጠው አልኩ።

ያልኩበት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ወገቤ ነው። ባለቤቴ አልተከራከረኝም። አንድ ወጣት ሜትር ይዞ መጣ፤ ለካ፣ ፎቶ አነሳ፣ ከነዓሦቹ 400 ዶላር አለ። ባለቤቴ ስለ ዋጋው አንድም ቃል ሳይናገር ለልጁ ያስረዳው ጀመር። «ይቺኛዋ ምግቧን በግራ በኩል ካልሰጠሃት አትበላም። ታንጉ መብራት በድንገት ሲበራ ይደነግጣል፤ መጀመሪያ የክፍሉን አብራ። ይሄንን ኮራል ከፓምፑ ፊት አታስቀምጠው።» ልጁ ራሱን እየነቀነቀ ስልኩን ያያል። እኔ ቡና ላቀርብ ወጥቼ ስመለስ ባለቤቴ አሁንም እያስረዳ ነው። አንድ ሰው ሆስፒታል ሊገባ ሲል ስለ ልጆቹ የሚናዘዘውን ያህል ነበር።

ልጁ ሲሄድ «ሦስት ወር ስጪኝ» አለኝ።

በእጥበት ወንበሩ ላይ አራት ሰዓት ሙሉ የሚንቀሳቀሰው አንድ እጁ ነው። በዚያ እጁ መጽሐፍ ያነባል። ያን ሰሞን ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰው ዋልተር ኤዲ ከካረን ላቭላንድ ጋር ጽፎ በ1991 ያሳተመውን ስለ አኳሪየም የሚናገር ወፍራም መጽሐፍ ነበር። ኤዲ ከቤታችን በባቡር ብዙም በማይርቀው ዋሽንግተን፣ በስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የባሕር አልጌ ተመራማሪ ነበር። ካሪቢያን ላይ የኮራል ሪፎችን ሲያጠና አንድ ነገር አስተዋለ፤ ማዕበል በሚመታውና ፀሐይ በሚያገኘው የሪፍ ጠርዝ ላይ ዓሦች ቀኑን ሙሉ የሚግጡት አጭር የአልጌ ሣር አለ፤ በተጋጠ ቁጥር እንደገና በፍጥነት ያድጋል፤ ሲያድግም ከውሃው ውስጥ ናይትሬትና ፎስፌት ይስባል። ታዲያ ያንን ሣር በመረብ ላይ አሳድጎ፣ በዓሣ ፋንታ ሰው ቢያጭደውና ቢያወጣውስ? በዚህ ዘዴ የሚጸዳ የኮራል ሪፍ በ1980 በሙዚየሙ ውስጥ ለሕዝብ ቀረበ፤ የፈጠራ መብቱም በ1982 ተመዘገበ። ኋላ ላይ ከእርሻ መሬት የሚፈሰውን ማዳበሪያ የበዛበት ውሃ ለማጽዳትም ተሞክሯል።

«አልጌውን አንዋጋው፤ እናሳድገው» አለኝ ከእጥበት ሲመለስ፣ ጫማውን ሳያወልቅ።

ሳቅኩ። የጣና ልጅ ሆኖ የማይስቅ የለም። በፈረንጆቹ 2011 እምቦጭ ሐይቁ ላይ ታየ ከተባለ ጀምሮ ዘመድ በደወለ ቁጥር የምሰማው ስለ አረም ነው። ገበሬው ማሳውን ትቶ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል፣ ነቅሎ ዳር ላይ ሲከምር። እምቦጭ የሚወፍረው ከየወንዙ ታጥቦ በሚገባው አፈርና ማዳበሪያ ነው፤ የተነቀለው ዳር ላይ ሲበሰብስ ደግሞ ዝናብ መልሶ ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል። እኔ ቤት ውስጥ አረም ላሳድግ? ባለቤቴ ግን «እዚያው ነው ነገሩ» አለ። «ዳር ላይ ከመከመር ይልቅ ርቆ ቢወሰድ እኮ አረሙ ራሱ ጽዳት ነበር።» ይህን ሲለኝ ዝም አልኩ። ሐይቁን በዚህ መንገድ ማዳን ይቻላል ማለቴ አይደለም፤ ጣና የሚያክል ውሃ ከሳሎን ሳጥን ጋር አይወዳደርም።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ እጄ ያለበት ሥራ ነውና። የእጅ ሥራ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ልጆች ጥልፍ የሚለማመዱበትን የፕላስቲክ መረብ ገዛሁ። ጥልፍ የማውቀው ከልጅነቴ ነው፤ መረቡን በእጄ ስይዘው የእናቴን ጥለት መቁጠር ጀመርኩ። ባለቤቴ «አትጥለፊው፣ አበላሺው» አለኝ። አልጌ ለስላሳ ነገር ላይ ስለማይዝ በመጋዝ ጥርስ ፊትና ጀርባውን እየቧጨርኩ እንደ እንቁራሪት ቆዳ አሻከርኩት። ስፋቱ 15፣ ቁመቱ 10 ሴንቲሜትር ነው። መጠኑ የሚወሰነው በሳጥኑ ትልቅነት ሳይሆን ዓሦቹ በቀን በሚበሉት ምግብ ነው፤ እኛ በቀን ሁለት ትናንሽ ኩብ የበረደ ምግብ እንሰጣለን። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው ይላል ባለቤቴ፤ ውሃውን ያያል፣ ምግቡን አያይም።

መረቡ በተሰነጠቀ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ይንጠለጠላል፤ ትንሽ ፓምፕ በሰዓት 800 ሊትር ገደማ ወደ ላይ ይገፋል፤ ውሃው በስንጥቁ ወጥቶ በሁለቱም በኩል እንደ ስስ መጋረጃ ይወርዳል። ትንሽዬ ጢስ ዓባይ ብለን ሰየምነው። በሁለቱም ጎን ለዕፅዋት የሚሆን ቀይ መብራት ተገጠመ። አልጌ ቀዩን ብርሃን በደንብ ይጠቀምበታልና። መብራቱ የሚበራው በብዛት ሌሊት፣ የዓሦቹ መብራት ሲጠፋ ነው። በጨለማ ጊዜ በሳጥኑ ውስጥ የሚጠራቀመውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አልጌው ስለሚወስደው ውሃው ቶሎ አሲድ አይሆንም። ችግሩ ቀይ መብራቱ በመስኮት ወደ መንገድ መታየቱ ነው። አገር ቤት ማታ ቀይ አምፖል የሚበራበት ቤት ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። መጋረጃ ለወጥኩ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የወጣው ቡናማ ልጋግ ነበር፤ ሽታው የረጋ ኩሬ ነው። በሦስተኛው ጠቆር ብሎ ሬንጅ መሰለ። እንደዚያ የሚሆነው ውሃው ውስጥ የሚበላው ነገር በጣም ሲበዛ ነው አለኝ ባለቤቴ። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት መረቡን ሳወጣው ሁለቱም ፊቱ ላይ እንደ አዲስ የበቀለ ጤፍ ብሩህ አረንጓዴ ፀጉር ወጥቶበታል። ያን ዕለት ጮክ ብዬ ጠራሁት። በጓንት የደረበውን ቀኝ እጁን ዘርግቶ ዳሰሰውና «የዳህላክ ነው» አለ። የዳህላክ አልነበረም፤ የሲልቨር ስፕሪንግ ነው።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ይወርድ ጀመር። ናይትሬት ከ80 ወደ 50፣ በአራተኛው ወር ወደ 10። ድንጋዮቹ ላይ የነበረው ፀጉር መጀመሪያ ገረጣ፣ ቀጥሎ በራሱ ተነቀለ፤ መረቡ ላይ ያለው የተሻለ ብርሃንና የተሻለ ፍሰት ስላለው ምግቡን ቀድሞ ይበላበታል። ፎስፌቱ ግን አልቸኮለም። ለምን ቢባል ድንጋዮቹ በቆሻሻው ዘመን ፎስፌት ጠጥተው ነበርና ውሃው በጸዳ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይለቃሉ። ወራት ፈጀ። ሦስቱ ወር መቼ እንዳለፈ ማንኛችንም አላነሳንም፤ ያ ወጣት አንድ ጊዜ ደውሎ ነበር፣ ባለቤቴ ስልኩን አየውና አስቀመጠው።

አጨዳው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እኔ መረቡን አወጣለሁ፣ በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ እፍቀዋለሁ፣ ሥሩ እንዲቀር ግን ፈጽሜ አልልጠውም። ቀጥሎ በቧንቧ ውሃ አጥበዋለሁ፤ ከቁንጫ የማይበልጡ የባሕር ነፍሳት ውስጡ ይራባሉ፣ ካልታጠበ አልጌውን ከሥሩ በልተው ያላቅቁታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው የወጥ ቤት ማጠቢያ ላይ አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ ክፉኛ ተነጋግረን ወደ ምድር ቤት ማጠቢያ ተዛውሯል። የተፋቀው በእንጀራ ሚዛኔ ላይ ይመዘናል፤ ባለቤቴ በደብተር ይመዘግባል። ብዙ ጊዜ ከ120 እስከ 160 ግራም ነው። ይህን ያህል ግራም አረም መሸከም ለወገቤ ምን ማለት እንደሆነ ስድስት ባልዲ ያልተሸከመ ሰው አይገባውም። ውሃ መለወጡ ፈጽሞ ቀረ ማለት አይደለም። ኮራሎቹ የሚፈልጉት ካልሲየምና ሌላም ማዕድን አለ፤ አልጌ ይህን አይተካም። አሁን ግን በወር አንድ ባልዲ ይበቃል።

አረሙ ጨውን እስኪለቅ ይታጠብና ከቤት ርቆ፣ ከጓሯችን ጫፍ ያለው ብስባሽ ክምር ውስጥ ይገባል። በበጋ ቃሪያዬ በእሱ ነው የሚያድገው። ነገር ግን ከዚያ በፊት ባለቤቴ ቆንጠር አድርጎ ለታንጉ ይሰጠዋል። ይህ ኮንትሮባንድ ነው። የወጣውን መልሶ ማስገባት! «ምሳውን ነው» ይላል።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ነገሩ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደ። አልጌው በረታ፣ ናይትሬቱም ፎስፌቱም ዜሮ አሳዩ። ደስ ብሎኝ ለልጄ ደውዬ ነገርኳት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ኮራሎቹ ቀለማቸው እንደታጠበ ሸማ ገረጣ። ለካ ኮራልም በውስጡ የሚኖር፣ በብርሃን ምግብ የሚሠራለት ጥቃቅን አልጌ አለው፤ ውሃው ጨርሶ ባዶ ሲሆን እሱ ይራባል፣ ኮራሉም አብሮ ይራባል። ባለቤቴ አልገረመውም። እጥበቱ ላይ አንድ ቀን ፈሳሽ ከሚገባው በላይ ወጥቶለት እግሩ በቁርጠት ተኮራምቶ፣ ደም ግፊቱ ወርዶ ያየሁት እኔው ነኝ። ነርሷ ያኔ የሚወጣውን መጠን ቀንሳ የክብደት ግቡን አስተካከለች። እሱም የቀዩን መብራት ሰዓት ከ16 ወደ 10 ቀነሰ፤ ምግቡን ትንሽ ጨመረ። ቀለማቸው እስኪመለስ ክረምቱ ገባ።

ከባሕር ዳር እህቴ ይህን ስነግራት «እኔ የጨው ውሃ የለኝ» አለችኝ፤ ሁለት ወርቃማ ዓሣዎች አሏት። ሐሳቡ ለእሷም ይሆናል። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለውን ሐረግ ቆርጣ ሥሩን ውሃው ውስጥ፣ ቅጠሉን ከውሃው ውጭ አድርጋ አሳደገችው። ሐረጉ ከዓሦቹ ናይትሬት ይበላል፤ እሷ ቅጠሉን ስትቆርጥ የበላው አብሮ ይወጣል። ፓምፕም መብራትም አልጠየቃትም።

ባለቤቴ አሁንም የኩላሊት ተራ እየጠበቀ ነው። ልጃችን የራሷን ልስጥ ብላ ነበር። እሱ እሺ አላለም፤ እሷም አልተወችም፤ ይህ ጉዳይ በቤታችን ገና አልተጨረሰም። ባለፈው ወር የደሙ ፎስፈረስ 5.1 ወጣ። ሐኪሙ የሚፈልጉት ከ5.5 እንዳይበልጥ ነው፤ በዓሉ አልፎ፣ አይቡና ቅንጬው አልፎ ይህ መምጣቱ ቀላል አይደለም። የሳሎናችን ባሕር 0.05 ነበር። ሁለቱንም ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጠፍኳቸው። ዜኒያው ድንጋዩን አልፎ መስታወቱ ላይ መውጣት ጀምሯል፤ ቆርጬ ለአንድ ወጣት አኳሪየም ላለው ጎረቤታችን ሰጠሁት።

ባለፈው ቅዳሜ 145 ግራም ታጨደ። ባለቤቴ ደብተሩ ላይ 145 ብሎ ጻፈ። እኔ 140 በል አልኩት፤ ታንጉ የጎረሰው አምስት ግራም ከቤት አልወጣማ። እስካሁን አልተስማማንም።